በክር የታሰረ ዛብ

ጡረታ ያስወጣኝ ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ላንድሮቨር ነው። ዳንግላ በሚገኘው የመንግሥት ግቢ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ፈረስ ያሰርኩበት ጋጣ ተጠርጎ፣ ገለባው ወጥቶ፣ ወለሉ በሲሚንቶ ተለስኖ መኪና ገባበት። ሹፌሩ ከደብረ ማርቆስ የመጣ ጨዋ ሰው ነው። «ባልደራስ፣ ይቺ እኮ ጭድ አትበላም» አለኝ እየሳቀ። «ታዲያ ጭቃ ላይ ስትለግም ማን ያባብላታል?» አልኩት። በዚያው ክረምት ወደ አዘና ስትሄድ ጎማዋ ተቀብሮ ቀረች፤ ገና ካልተሸጡት ፈረሶች ሁለቱን አስሬ ጎትቼ አወጣኋት። ከዚያ በኋላ እሱም እኔም የጭድ ነገር አላነሳንም።

ቅር ብሎህ ይሆን እያሉ የሚጠይቁኝ ወዳጆች አሉ። አላለኝም። ወረቀቴ ማኅተም እስኪያገኝ ከቢሮ ቢሮ አመላለሰኝ እንጂ አበሉ እኔንና ባለቤቴን ከሰው በታች አያደርገንም። ችግሬ ጣቶቼ ናቸው። ጠዋት ተነሥቼ የምይዘው የልጓም ዛብ ስለሌለ፣ ጣቶቼ ሥራ ፈትተው የጋቢዬን ጥለት ያፍተለትላሉ። ባለቤቴ ታየኝና «ደግሞ አሁን ማንን ልታዞር ነው?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራ ያበሉኝ እነዚህ ጣቶች ናቸው፤ ያዋረዱኝም እነሱው ናቸው። ስለዚህ ስለ ደመወዝና ስለ ሹመት ሳይሆን ስለ እነሱ ላውራችሁ።

ባልደራስ ሲባል ብዙ ሰው ፈረስ የሚቀልብና ፋንድያ የሚጠርግ ይመስለዋል። ያንንም አድርጌያለሁ። ዋናው ሥራዬ ግን ያልተገራ ፈረስ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ እያመላለስኩ ዛብ ማስተማር ነበር። በእርምጃ ይጀመራል፣ ወደ ሶምሶማ ይገባል፣ ፈረሱ ሲበስል ደንገላሳ ይጨመራል። ዳገቱም፣ ቦይ መዝለሉም፣ ጉግሱም በኋላ የሚመጡ ናቸው። ሜዳ ላይ ያልሰማ ፈረስ ገደል አፋፍ ላይ አይሰማም።

ሥራውን ያስተማሩኝ አያ ቢተው ይባላሉ። በእንጅባራ በኩል፣ ጥርባ ሐይቅ አጠገብ የተወለዱ አገው ነበሩ፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከሰው ይልቅ ለፈረስ ሰላምታ የሚያስቀድሙ። እኔ ወላጆቼ ከዳሞት መጥተው ዳንግላ የሰፈሩ፣ አገውኛ የማልሰማ የከተማ ሰው ነኝ። ግቢው ስቀጠር ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር፤ የማላውቀው ነገር ያለም አይመስለኝም ነበር። አያ ቢተው የመጀመሪያ ቀን ሲያዩኝ «ፈረስ ትወዳለህ?» አሉኝ። «እወዳለሁ» አልኩ። «እሱስ ይወድሃል?» ብለውኝ ሄዱ።

የእንጅባራን ጠዋት ቆላ ለኖረ ሰው መንገር ያስቸግራል። ያኔ ኮሶ በር በምንላት በዚያች ከተማ በጥቅምትና በኅዳር ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፤ ብረት ሲነኩት ያቃጥላል። ዳንግላ ያን ያህል ባትበርድም አያ ቢተው ያደጉበትን ልማድ አልተዉም። ከቤታቸው ሲወጡ ልጓሙን ከጋቢያቸው ሥር ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ነው የሚመጡት። ግቢው ድረስ በአንድ እጃቸው ሰውን ሰላም እያሉ፣ ሌላውን ክንዳቸውን ግጥም አድርገው ይሄዳሉ። እኔ መጀመሪያ ብብታቸውን እባጭ ይዟቸው መስሎኝ አዝኜላቸው ነበር። በኋላ ብረቱን አውጥተው በጉንጫቸው ፈትነው ለፈረሱ ሲያጎርሱት አየሁና ጠየቅኳቸው። «አንተ ውርጭ ባደረበት ማንኪያ ገንፎ ቢያጎርሱህ ደስ ይልሃል?» አሉኝ።

ፈረስ ላይ ከመውጣቴ በፊት ለሁለት ወር ያህል ያሠለጠኑኝ ራሳቸው ፈረስ ሆነው ነው። የልጓሙን ብረት በሁለት እጃቸው ይይዙና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ እኔ ከኋላቸው ዛቡን ይዤ ቃል ሳልተነፍስ እነዳቸዋለሁ። የግቢው ሰው በሳቅ ይፈርስብናል። «አያ ቢተውን ለገበያ ልታወጣቸው ነው እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጠንከር አድርጌ ስስብ ቀጥ ብለው ይቆሙና ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ጮኽክብኝ» ይላሉ። እጅ እንደሚጮህ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ትምህርታቸው ረጅም አልነበረም። ወደ ቀኝ ስትፈልግ ቀኝ እጅህን ወደ ኋላ አትጎትት፤ በር እንደሚከፍት ሰው ወደ ጎን ውሰደው፣ ፈረሱ በተከፈተው ይገባል። ግራ እጅህም ሥራ አይፍታ፤ እሱ አጥር ነው፣ አንገቱ እንዳይቆለመም፣ ትከሻው እንዳያፈተልክ ይጠብቃል። ፈረሱ ሲበስል በር መክፈትም አያስፈልግም፤ ዛቡን እንደ ነጠላ ጫፍ አንገቱ ላይ ጣል ማድረግ ይበቃል። ልታበርደው ወይም ልታቆመው ስትፈልግ መጀመሪያ መቀመጫህ ይክበድ፣ ቀጥሎ ጭንህ ይጥበቅ፣ እጅህ መጨረሻ ይምጣ፤ ሲመጣም ላም እንደሚያልብ እጅ ጨመቅ አድርጎ ይልቀቅ። ፈረሱ እሺ ባለህ ቅጽበት ደግሞ አመስግነው። ምስጋናው መልቀቅ ነው። «የጠየቅኸውን ሰጥቶህ አሁንም ከጎተትኸው፣ ነገ ለምን ብሎ ይሰጥሃል?» ይሉ ነበር።

አለቆቻችን ብዙ ነበሩ። አንደኛው ከፈረስ ጭራ በቀር የሚያዩት አልነበረም፤ ጭራው ከተበጠረ ፈረሱ ቢያነክስም ግድ የላቸውም። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ሻምበል ሥዕል ያለበት የውጭ አገር መጽሐፍ ይዘው ሜዳው መካከል ቆሙና «ዛሬ ግማሽ ማቆም እንማራለን» አሉ። አያ ቢተው «ጌታዬ፣ ግማሽ ማቆም ምንድን ነው? ግማሽ መሞት አለ?» ብለው ጠየቁ። ሻምበሉ ቆጣ ብለው ፈረስ ላይ ወጡና አሳዩን። ለካ ያቺው ጨመቅ አድርጎ መልቀቅ ናት። አያ ቢተው አንገታቸውን ነቅንቀው «እንግዲያማ የመጽሐፉ ሰውዬ ከአያቴ ጋር ይተዋወቃል» አሉ። ሻምበሉም ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፉ መሳቢያ ውስጥ ቀረ፤ እሳቸውም ደግ አለቃ ሆኑልን።

አሁን ዳማ ወደሚባለው ፈረስ ልምጣ። ሳልናገረው ባልፍ ደስ ባለኝ ነበር።

ሻምበሉ ለአገሩ ሰው ቸር ስለነበሩ ከመንግሥት ፈረሶች ጎን የገበሬ ፈረስ እንድንገራ ፈቅደውልን ነበር። በተቀጠርኩ በስድስተኛው ዓመት፣ በኅዳር ወር መጨረሻ፣ እትዬ ስንዱ የሚባሉ ባልቴት ከልጃቸው ከገረመው ጋር ከአዘና በኩል ድንጉላ ፈረስ ስበው መጡ። ፈረሱ መልኩ ዳማ ነው፣ ስሙም ዳማ። ሟች ባላቸው በደብራቸው የፈረሰኛ ማኅበር ውስጥ የተከበሩ ነበሩ። በዚያ ደብር እንዲህ ያለ ልማድ አለ። ፈረሰኛ ሲሞት በመጀመሪያው የጥር ጊዮርጊስ ፈረሱ ባዶ ኮርቻ ተጭኖ በሟቹ ቦታ ይሰለፋል። በሁለተኛው ዓመት ግን ከቤቱ አንድ ሰው ወጥቶበት፣ ሜዳውን ከማኅበሩ እኩል ዞሮ፣ ሽምጥ ጋልቦ መጥቶ ከሰልፉ ፊት ቀጥ አድርጎ ማቆም አለበት። ካልሆነለት የሟቹ ቦታ ተዘግቶ ሰልፉ ይገጥማል፤ ያ ቤት ከዚያ ወዲያ የፈረሰኛ ቤት አይባልም። ባዶው ኮርቻ ባለፈው ዓመት ተሰልፏል። አሁን የገረመው ተራ ነው። ገረመው ሃያ ዓመት ያለፈው፣ ደረቱ የሰፋ፣ ቃል የማያበዛ ገበሬ ነበር። «መሮጥስ ይሮጣል፤ መቆሙ ነው የቸገረን» አለ።

እትዬ ስንዱ ገመዱን ሲያቀብሉኝ «ልጄ፣ ይኸ አራሽ ፈረስ ነው። አትጎትተው። ልቀቅለት፣ ይቆማል» አሉኝ።

በአዘናና በእንጅባራ አገር ፈረስ እንደሚያርስ አውቃለሁ። እኛ ዘንድ ግን የሚያርሰው በሬ ነው፤ ፈረስ ቀንበር ተጭኖ ሳይ ፈገግ ብዬ ከማለፍ በቀር ቆሜ አይቼ አላውቅም። ሴትዮዋን በአክብሮት እጅ ነሣሁና በሆዴ ሳቅሁ። ሲለቁት የሚቆም ፈረስ ከየት ተሰምቶ! ስለ ሞፈር ያውቁ ይሆናል፣ ስለ ዛብ ግን ምን ያውቃሉ አልኩ።

በዚያው ሰሞን የአያ ቢተው ወንድም ታመሙና አያ ቢተው ሊያስታምሙ ጥሊሊ ሄዱ። ሲሄዱ «በእርምጃ ብቻ ያዘው። እስክመለስ ሶምሶማ አታስገባው» ብለውኝ ነበር። እሺ አልኳቸው። ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ፣ አልተመለሱም። ገረመው እየመጣ አጥሩ ላይ ክንዱን አስደግፎ «ቆመ?» ይለኛል። ሌላ ቃል የለውም። ዳማ ግን አይቆምም። ዛቡን ስስብ አንገቱን ዝቅ ያደርግና በደረቱ ይገፋል። አጥብቄ ስስብ አጥብቆ ይገፋል። ክንዴ እስኪዝል ስንታገል ውለን፣ እሱ ጭራሽ የሚደሰት ይመስለኝ ነበር።

ከጋጣው በር በላይ አያ ቢተው የሰቀሉት አንድ አሮጌ ልጓም ነበር፤ ብረቱ ላይ እሾህ ያለው። «የሰነፍ እጅ የወለደው ልጅ» ይሉታል። የተሰቀለው እንዲታይ ነው እንጂ እንዲያዝ አልነበረም። አወረድኩትና ለዳማ አጎረስኩት።

በሦስተኛው ቀን ዳማ እንደ ችካል ቆመ። አንገቱ ደጋን ሆነ፣ አገጩ ደረቱን ነካ፣ እርምጃው የሙሽራ ሆነ። መንገደኛው እየቆመ ያየዋል። ሻምበሉ እንኳ «አንተ ሰውዬ፣ አያ ቢተውን ልታስረሳን ነው» አሉኝ። እንዴት ደስ አለኝ! ዛቡ ስለላላ እጄ የቀለለ መሰለኝ። ፈረሱ ግን አልታዘዘኝም ነበር፤ ከብረቱ ሸሽቶ ተደብቆብኝ ነው። አንድ ቀን በአፉ ጥግ አረፋው ውስጥ ቀላ ያለ ነገር አየሁ። ምላሱን ነክሶ ይሆናል ብዬ ጠረግሁለት። አይቼ እንዳላየ የሆንኩት ያኔ ነው፤ ይህን ከነፍስ አባቴ በቀር ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ለጊዮርጊስ ፈረሱን ከነልጓሙ ሰጠኋቸውና ደስታውን ላይ ብዬ አብሬ ሄድኩ። ሜዳው በነጭ ልብስ ተሸፍኗል፣ ፈረሱ ሁሉ ተሸልሟል፣ እልልታው ጆሮ ይበሳል። ገረመው በአባቱ ኮርቻ ላይ ሲወጣ እትዬ ስንዱ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ አየሁ። ከማኅበሩ ጋር ሁለቴ ዞረ፤ አማረበት። ከዚያ ብቻውን ከሜዳው ዳር ተነሥቶ ሽምጥ ጋልቦ መጣ። ሰልፉ ጋ ሲደርስ እኔ እንዳስተማርኩት በሁለት እጁ ሳበ።

ዳማ መጀመሪያ ጭንቅላቱን ወደ ሰማይ ወረወረ። ቀጥሎ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ገፋ። ያ እሾህ አፉ ውስጥ እያለ፣ እያረደው፣ ገፋ። ገረመው ይበልጥ ሳበ፣ ዳማም ይበልጥ በረታ፤ ሰልፉን ሰንጥቆ አለፈና ከሜዳው ማዶ ያለው ቦይ ላይ ወደቀ። የገረመው ግራ እግር ከሥሩ ነበር።

እልልታው እንደ ክር ተበጠሰ። ገረመውን በቃሬዛ ሲያነሡት ሽማግሌዎቹ ተነጋግረው «ስለ እግሩ ሲባል ለከርሞ ይቆይለት፤ ከከርሞ ወዲያ ግን ሰልፉ ይገጥማል» አሉ። እትዬ ስንዱ ልጃቸውን ካዩ በኋላ ወደ ፈረሱ ሄዱ። ከንፈሩን ገልጠው ውስጡን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«የልጄን እግር ወጌሻ ይጠግነዋል፤ የፈረሴን አፍ ግን ወጌሻ አይጠግነውም» አሉ። «የወሰድኸው አንተ ነህ። ለከርሞ ጊዮርጊስ አፉን መልስልኝ።»

ገረመው ከቃሬዛው ላይ ሆኖ «ይኸ ሰው ፈረሴን እንዳይነካው!» አለ።

«ያበላሸው ያብጀው» አሉ እናቱ።

አያ ቢተው ወንድማቸውን ቀብረው፣ ከበዓሉ በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ሁሉንም ሰምተዋል። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር። የእሾሁን ልጓም አምጥተው ብረቱን በሁለት እጄ አስያዙኝና ዓይኔን እንድጨፍን ነገሩኝ። ከዚያ ከኋላዬ ዛቡን አንድ ጊዜ ሳቡት፤ እኔ ዳማን እስበው ከነበረው አያልፍም። መዳፌ ደማ። «ይኸ ሥራ ያጠነከረው መዳፍ ነው» አሉኝ። «ምላስ ቢሆንስ?»

ቀጥለው «ይኸን ፈረስ ሲያርስ አይተኸዋል?» አሉኝ። አላየሁም አልኩ። የእርሻ ወቅት ሲደርስ፣ በመጋቢት፣ ይዘውኝ አዘና ሄዱ። ገረመው ምርኩዙን ይዞ ከደጅ ተቀምጦ ነበር፤ ሲያየኝ ፊቱን አዞረ። እርፉን የያዙት አጎቱ ናቸው፤ እትዬ ስንዱ ከፊት የዳማን ገመድ ይዘው ይመራሉ። ጥቂት ትልም እንደሄዱ ማረሻው ሥር ያዘው። ሸክሙ ሲከብደው ዳማ አንገቱን ዝቅ አደረገ፣ በደረቱ ገፋ፣ ሥሩ ተበጥሶ ወጣ። ያቺኑ አንገት አወቅኳት። ከትልሙ ጫፍ ሲደርሱ እትዬ ስንዱ ምንም አልሳቡም፤ ገመዱን ለቀቅ አድርገው እጃቸውን አወረዱ። ዳማ ተነፈሰና ቆመ።

አያ ቢተው «አየህ?» አሉኝ። አየሁ። ይህ ፈረስ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ የተማረው አንድ ነገር ነው፤ ሲከብድህ በርታ፣ ሲቀልልህ ዕረፍ። እኔ ሁለት ወር ሙሉ «ቁም» ያልኩ እየመሰለኝ «በርታ» ስለው ኖሬያለሁ። እሱም የታዘዘውን አደረገ፤ አፉ እየተቀደደ እንኳ አደረገው። እዚያው ትልሙ ላይ አለቀስኩ፤ ጎልማሳ ሰው ነኝ፣ አላፈርኩበትም።

«ነግረውኝ ነበር» አልኳቸው ለእትዬ ስንዱ።

«ነግሬህ ነበር» አሉና ዳማን ለቀጣዩ ትልም አዞሩት።

አፉ እስኪድን ብረት የሚባል አላየም። ሰኔ ላይ ዳማ ወደ ግቢያችን ሲመለስ፣ አያ ቢተው የራሳቸውን ለስላሳ ልጓም በብብታቸው አሙቀው አጎረሱትና ከእትዬ ስንዱ እንዝርት የተፈተለ ነጭ ክር አወጡ። ዛቡን ከልጓሙ ቀለበት ጋር ያገናኙት በዚያ ክር ነው። «ከዚህ ክር የበለጠ ጉልበት የለህም። በተበጠሰ ቁጥር ወርደህ ፈረሱን እየሳብህ ሜዳውን ትዞራለህ፤ ትቋጥራለህ፤ ትወጣለህ» አሉኝ። በመጀመሪያው ቀን ከተቀመጥኩት የሄድኩት በለጠ። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ክሩ ቋጠሮ በቋጠሮ ሆነ። የግቢው ሰው «ባልደራስ ፈረሱን ሊያስተምር ገብቶ ራሱ ሶምሶማ ተማረ» እያለ አላገጠብኝ። ፈረሱም ሜዳውም ይኸው፣ ግቡና ሞክሩ ብላቸው ማን ይመጣል።

ቀስ በቀስ ግን እጄ ዝም ማለት ጀመረ። ለማቆም መቀመጫዬን አከብድና ጣቶቼን እከፍታለሁ፤ ዳማ ይቆማል። ስለቅለት የሚያርፍ ፈረስ መሆኑን ካወቅሁ በኋላ መልቀቅን ቋንቋ አደረግናት። በቀኝ በኩል በር ስከፍትለት ወዲያው ይገባል። በግራ በኩል ድዱ ላይ ጠባሳ ቀርቶበት ስለነበር ብረቱ ሲነካው ይደነግጣል፤ ስለዚህ ወደ ግራ ስፈልግ ቀኙን ዛብ አንገቱ ላይ ጣል አደርግለታለሁ። እስኪሞት ድረስ ጭንቅላቱን ትንሽ ዘመም አድርጎ ነው የኖረው። ያችን ዘመም ያለች ራስ ባየሁ ቁጥር የእኔን ፊርማ ያየሁ ይመስለኛል።

ገረመው እግሩ ቢጠገንም ሁለት ጣት ያህል አጥሮ ቀረ፤ ግራ ጭኑ አይጠብቅም። ዛብ ይማር ቢባል «ከዚያ ሰው አልማርም» አለ። ስለዚህ አያ ቢተው ቤቱ ድረስ እየሄዱ እንደ እኔው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ብረት ይዘው፣ ፈረስ ሆነው አስተማሩት። ፈረሱን እኔ፣ ፈረሰኛውን እሳቸው። እኔና ገረመው በዚያ ዓመት አንዲት ቃል አልተነጋገርንም።

ጊዮርጊስ ደረሰ። በዋዜማው ጥሩ ጠፍር ዛብ አዘጋጅቼ ነበር። አያ ቢተው ግን «በክሩ ይሂድ» አሉ። ደነገጥኩ። «ቢበጠስስ? ቤቱ እኮ ነው የሚጠፋው!» አልኳቸው። «በጠፍር ዛብ አምና አይተነዋል» አሉ። ገረመው ሰማና ክሩን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ ለእሳቸው፣ «ይሁን» አላቸው።

እኔ ከሕዝቡ ኋላ ቆምኩ። ሲዞር አየሁት። ከሜዳው ዳር ብቻውን ሲነሣ ግን ማየት አልቻልኩም፤ እንደ አያ ቢተው ዓይኔን ጨፈንኩ። ኮቴው እየቀረበ፣ መሬቱ ከእግሬ ሥር እየተንቀጠቀጠ መጣ። በሆዴ «ልቀቅ፣ ልቀቅ» እላለሁ። ከዚያ ኮቴው ጠፋ። ጸጥ አለ። ዓይኔን ስገልጥ ዳማ ከሰልፉ ፊት፣ ራሱን ዘመም አድርጎ፣ በአራት እግሩ ቆሟል፤ የገረመው ጣቶች ተከፍተዋል፣ ዛቡ ላልቶ ተንጠልጥሏል። እትዬ ስንዱ ሄደው ግራና ቀኙን ክር ዳሰሱ። ሁለቱም ደህና ናቸው። የማኅበሩ አለቃ «የአባትህን ቦታ ያዝ» አሉት፤ እልልታው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

ማታ እትዬ ስንዱ አንዱን ክር ፈትተው «እንካ። አፉን መልሰሃል» አሉኝ። ከማተቤ ጋር አሰርኩት። ገረመው ግን በአጠገቤ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየኝም። አልፈረድኩበትም፤ እግሩን የሚጎትተው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ብዙ ነው፣ የሚነገረው ግን ጥቂት። እንጅባራ አምስት ዓመት ተመድቤ የከብት ክትባት ሠራተኞችን ፈረሶች ገራሁ። ጥሊሊ ለሥራ ሄጄ ሳለሁ ከአዲስ አበባ የመጣ የጤና ድሬሰር ነበር፤ ዛቡን እንደ አውቶቡስ ብረት ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል። ክር አሰርኩለት። አንድ ቀን ሙሉ ሲወርድና ሲወጣ ውሎ «ባልደራስ፣ መርፌ መውጋት ከዚህ ይቀላል» አለኝ። በዓመቱ ግን ክረምት ከበጋ በዚያ ተራራ ላይ ምጥ የያዛት ሴት ቤት ድረስ ብቻውን ይደርስ ነበር። አያ ቢተውን ጥርባ ቀበርናቸው። የተዉልኝ ያንን ለስላሳ ልጓም ነው። የእሾሁን ቀደም ብለው ለአንጥረኛ ሰጥተው ማጭድ አሠርተውታል።

ገረመውን በገበያና በበዓል አየዋለሁ። ባርኔጣውን ከፍ ያደርጋል፣ እኔም አደርጋለሁ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ቀን «ባልደራስ» ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። በኑሮዬ ደስተኛ ነኝ ስል እውነቴን ነው፤ ያቺ አንዲት ነገር ብቻ ጫማ ውስጥ እንዳለ ጠጠር ትቆረቁረኝ ነበር።

ባለፈው ኅዳር አንድ ጠዋት፣ ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ወር ሳይሞላኝ፣ ባለቤቴ «እንግዳ መጥቶብሃል» አለችኝ። ወጣሁ። ጠጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው ግራ እግሩን እየሳበ ወደ ደጄ ይመጣል። በቀኝ እጁ የሦስት ዓመት ዳማ ፈረስ በገመድ ይዟል፤ ግራ ክንዱን ከጋቢው ሥር ግጥም አድርጎታል። ገረመው ነበር።

«ባልደራስ፣ እንዴት አደሩ?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩትና ፈረሱን አየሁት።

«የዳማ የልጅ ልጅ ነው» አለ። «ብረት ቀምሶ አያውቅም። የመጀመሪያውን እርስዎ እንዲያጎርሱት ብዬ ነው።»

«እኔ እኮ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጋጣውንም መኪና ወስዶታል» አልኩት።

ጣቶቼን ዝቅ ብሎ አያቸው፤ ጥለቴን እያፍተለተሉ ነበር። «እጅዎም ጡረታ ወጣ?» አለኝ።

ከዚያ ክንዱን ላላ አድርጎ፣ ከብብቱ ልጓሙን አውጥቶ ዘረጋልኝ። ሣሩ ላይ ገና ውርጭ ነበር። በሁለት እጄ ተቀበልኩት፤ ብረቱ ሙቅ ነበር።